በአሥረኛ ደረጃ የተጻፈው ልጅ

ባለፈው ቅዳሜ ፌርፋክስ መንገድ ላይ ካለው ቅመም ቤት ገብቼ ተራ ስጠብቅ፣ ከፊቴ ከቆመው ሰውዬ ላይ የመታሻ ቅባት ሽታ መጣብኝ። ያ ዓይን የሚያስለቅሰው፣ ስፖርተኞች ጡንቻቸውን የሚታሹበት ቅባት። በርበሬና ኮረሪማ በታጨቀበት ቤት ውስጥ ያንን ሽታ መለየቴ ለራሴም ገርሞኛል፤ ዓይኔ መነጽር ከለመደ ሃያ ዓመት አልፎታል፣ አፍንጫዬ ግን ገና ጎረምሳ ነው። ሰውዬው ትከሻው ሰፊ ነው፣ ጸጉሩ ከግራና ከቀኝ ሽበት ጀምሮታል፣ ሁለት ፓውንድ ሽሮ አስመዝኖ ይከፍላል። ዞር ሲል ጆሮውን አየሁት። ታጥፎ ያበጠ፣ የትግል ስፖርተኞች ጆሮ ነው።

«ጋሽ ዘለቀ» አለኝ።

ማርከስ ነበር፣ የክርስትና ልጄ። ሰባት ዓመት ሊሞላን ነው ዓይን ለዓይን ሳንተያይ። ማርከስ ከሃያ ቃል በላይ አማርኛ አያውቅም፤ «ጋሽ» ከነዚያ አንዷ ናት። የቀረውን በእንግሊዝኛ ነው የምናወራው። ቶራንስ ውስጥ ሕጻናትን ትግል እንደሚያስተምር ነገረኝ፣ ጉልበቱ እንዳስቸገረው ነገረኝ፣ እናቱ ደህና መሆኗን ነገረኝ። ከዚያ የሽሮውን ከረጢት ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው እያዛወረ፣ «ሰባት ዓመት ሊሆነው ነው አይደል?» አለኝ። «በሰባተኛው ዓመት ቤተ ክርስቲያን የሚደረግ ነገር እንዳለ አነበብኩ። መምጣት እችላለሁ? ከኋላ ነው የምቆመው። ማንንም አላስቸግርም።»

አርባ ዓመት ሊደፍን ምንም ያልቀረው ሰው፣ በገዛ አባቱ ሙት ዓመት ከኋላ ለመቆም እኔን ፈቃድ ይጠይቀኛል። «እስቲ የአባትህን ባለቤት ልጠይቃት» አልኩት። ስልኩን ጻፈልኝ፣ ትከሻ ለትከሻ ተሳሳምን፣ ሄደ። እኔ ልገዛ የመጣሁትን ሚጥሚጣ ረስቼ ወጣሁና መኪናዬ ውስጥ ሞተር ሳላስነሳ ብዙ ተቀመጥኩ።

አባቱ ደረጀ ነው። ሰው ስለ ሟች ጓደኛው ሲያወራ «ከወንድሜ አልለየውም» ይላል፤ እኔ ከወንድሞቼ ጋር ያን ያህል ስላልተስማማሁ እንደዚያ አልልም። ደረጀ ከወንድሞቼ ይሻል ነበር። ሆሊውድ ውስጥ አንድ ባለ አራት ፎቅ ፓርኪንግ ላይ አብረን ተቀጥረን የሰው መኪና እናቆም ነበር። ቀይ ሰደርያ፣ ነጭ ሸሚዝ፣ በመንጠቆ የሚሰካ ጥቁር ክራባት። ሱሪው የራሳችን ነው፤ መሃል ከተማ ከነጋዴዎቹ ሰፈር ሁለቱን በአሥራ አምስት ዶላር እንገዛና እስኪያብረቀርቅ እንለብሰዋለን። ቤንዚን ጋሎኑ ከአንድ ዶላር እምብዛም አይዘልም ነበር። ማዕዘኑ ላይ አንድ ጋሪ ያለው ሜክሲኳዊ ቋሊማ በዳቦ ይሸጣል፤ ዓርብና ረቡዕ ሲሆን ደረጀ ቋሊማውን አስወጥቶ ሽንኩርቱንና ሰናፍጩን በዳቦ ይበላ ነበር፣ ሰውየውም ሂሳቡን አይቀንስለት። በጠባቧ የትኬት ቤታችን ውስጥ ካሴት ማጫወቻ ነበረችን፤ ካሴቱ ከካሴት የተቀዳ፣ የተቀዳውም ከተቀዳ ነውና ዘፋኙ ከጉድጓድ ውስጥ የሚዘፍን ይመስል ነበር። እሱም ደስ ይለን ነበር። ያኔ ፌርፋክስ ላይ የኛ ስም ያለበት ታፔላ ገና አልተተከለም፤ ኦሊምፒክ በሚባለው መንገድ ጥግ ላይ ቆመህ አንድ ሐበሻ ካየህ መንገድ ተሻግረህ ስሙን ትጠይቃለህ። ዛሬ ከሐበሻ ለመሸሽ ነው መንገድ የሚሻገረው።

ከፓርኪንጉ ፊት ለፊት ባለው ሆቴል ሎሬይን የምትባል ሒሳብ ተቀባይ ነበረች። የባልድዊን ሂልስ ሰፈር ልጅ፣ ጥቁር አሜሪካዊት። ስትስቅ ሦስተኛው ፎቅ ላይ መኪና ሳቆም እሰማት ነበር። ደረጀ አዲስ አበባ ሚስት ነበረችው፣ ፀሐይ፤ ተጋብተው ዓመት ሳይሞላቸው ነው የተለያዩት። የፀሐይ የመምጫ ወረቀት ዛሬ ነገ እየተባለ ዓመት አልፎ ዓመት ተተካ። እኔ እዚህ ላይ ማንንም አልፈርድም፤ ፈራጅ ሞልቷል። ማርከስ ተወለደ። ደረጀ በአርባ ቀኑ ክርስትና ካላስነሳሁት ሞቼ እገኛለሁ አለ፣ ሎሬይን እሺ አለችው። ቤተ ክርስቲያናችን ያን ጊዜ የሌሎች አዳራሽ ተከራይቶ ነበር የሚቀድሰው። ሎሬይን የተዋሰችውን ነጠላ ገልብጣ ለብሳ ከኋላ ቆመች፣ እኔ ልጁን ታቀፍኩ። አባቱ ቢያቅተው እኔ ልተካ ቃል የገባሁት ያን ዕለት ነው። ቄሱ ሲደግሙልኝ እየደገምኩ፣ ልጁ ሸሚዜ ላይ እያስመለሰ።

ልጁ ሦስት ዓመት ሲሆነው የፀሐይ ወረቀት ተሳካ። ሎሬይን አልጮኸችም። «ሚስትህ መጥታለች፣ ሂድ» አለችው፤ «ልጁ ግን አባቱን ያውቃል።» ከዚያ በኋላ ደረጀ ማክሰኞ ማክሰኞ፣ የዕረፍት ቀኑን፣ ባልድዊን ሂልስ ያሳልፍ ጀመር። ለፀሐይ ማክሰኞም ሥራ ነው። ሁለት ሴት ልጆች ወለደችለት፤ ለእነሱም ማክሰኞ ሥራ ነው። የክርስትናው ዕለት ከቄሱ በቀር ሰው አልነበረም፣ ቄሱም ወደ ሌላ ከተማ ተዛውረዋል፤ ከሐበሻ ወገን ምስጢሩን የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ፣ የክርስትና አባቱ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ አባቶች። እኔም በዚያ ተረት ተማምኜ ዝም አልኩ። ለልጁ ያደረግሁት ነገር ቢቆጠር አንድ ብስክሌት ነው፣ እሱም ያገለገለ።

አሁን ወደ ቅዳሜዎቻችን ልምጣ፣ ምክንያቱም ነገሩ ሁሉ የታሰረው እዚያ ነው። ልጆቻችን ሲያድጉ፣ እኔም ከመኪና ማቆም ወደ ኃላፊነት ከፍ ስል፣ እትዬ አስካለ ፌርፋክስ ላይ ምግብ ቤት ከፈተች። ከሰዓት በኋላ ሦስት ሆነን የማእዘኗን ጠረጴዛ እንይዛለን፦ እኔ፣ ደረጀ፣ ሦስተኛው ሺፈራው፣ ታክሲ ነጂ፣ አፉ ከመኪናው የሚፈጥን ሰው። በሽቦ አጥር ውስጥ በቡጢ፣ በእርግጫና በትግል የሚጋጠሙበትን ያንን ስፖርት ያመጣብን ሺፈራው ነው። መጀመሪያ ሳየው ምግቤ አልወርድልህ አለኝ። ሰው በሰው ሆድ ላይ ተቀምጦ ፊቱን ይቀጠቅጣል፣ ዳኛው ጎንበስ ብሎ ያያል። በሦስተኛው ቅዳሜ ግን «ክርኑን ተጠቀምበት እንጂ!» እያልኩ ጠረጴዛ ስደበድብ ራሴን አገኘሁት። እትዬ አስካለ ትሳደባለች፦ «እናንተ ሰዎች ጤና የላችሁም፤ እኔ ጥብስ አቀርባለሁ፣ እናንተ ደም ታያላችሁ።» ፊቷን አዙራ ትሄድና ከጓዳ «ኦኬ፣ ማን አሸነፈ?» ትላለች።

የመረጥነው ክብደት ሚድልዌይት ነው፣ ሰማንያ አራት ኪሎ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ያኔ ሦስታችንም እዚያው ግድም ነበርን። ተጋጣሚዎቹ የሚመዘኑት ዓርብ ነውና ደረጀ «እነሱ ለሚዛን፣ እኛ ለነፍስ፣ ሁላችንም ዓርብን እንጾማለን» ይል ነበር። ከአንደኛ እስከ አሥረኛ ደረጃ የምናወጣው ለአሜሪካኖቹ ብቻ ነው። ከውጭ የመጡትን ካስገባን አንደኛው ማን እንደሆነ አከራካሪ አልነበረም፤ ክርክር ከሌለ ደግሞ ቅዳሜ ምኑ ቅዳሜ ነው? አሜሪካዊ ማን ነው የሚለው ራሱ አንድ ዓመት ፈጅቶብናል። እኔ እዚህ የተወለደ አልኩ። ሺፈራው ተናዶ ከኪሱ ሰማያዊ ፓስፖርቱን አወጣ፦ «ሶ እኔ ምንድን ነኝ? ቱሪስት?» ደረጀ ግን «እናቱ እዚህ ያለች ሁሉ» አለ። ሳቅንበት። ማንን እንዳሰበ እኔ አውቅ ነበር።

ጽሕፈቴ ቆንጆ ነውና ዝርዝሩን የምጽፈው እኔ ነኝ፤ በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ፣ በገበታ ወረቀት ጀርባ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ። ከፍሪጁ አጠገብ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። የሰዎቹን ስም አፋችን ስለማይለምደው ስም አወጣንላቸው። «ገበሬው» ከበቆሎ አገር የመጣ አንገተ ወፍራም ታጋይ ነበር፤ ሰውን እንደ ጤፍ ኩንታል አንስቶ የሚያስቀምጥ። «ግራኙ» በግራ እጁ የሚያስተኛ፣ የሻምፒዮንነት ቀበቶውን ሁለት ጊዜ ተነጥቆ ሁለት ጊዜ የመለሰ። «ፖስተኛው» ከመታገሉ በፊት ደብዳቤ ያድል ነበር፤ ፊቱ ሲደማ እንኳ ተራ የሚጠብቅ የሚመስል ትዕግሥተኛ። ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ገበሬው ነው፣ ዛሬም ቢሆን። ቀበቶውን ከወገቡ ሳያወልቅ በገዛ እግሩ ወደ ቤቱ የሄደ እሱ ብቻ ነው። ደረጀ ግራኙን ነበር አንደኛ የሚለው። «ያልወደቀን ሰው በምን ልመዝነው?» ይለኝ ነበር። «ገበሬው ጥሩ ነው፣ ግን አላየሁትም። ሲነሣ ያየሁትን ሰው ነው የማውቀው።» በዚህ ነገር ሁለት ወር ተኳርፈን እናውቃለን። አንዴ ክርክሩ ሲከር እትዬ አስካለ ሽማግሌ ትሁን ተብላ «የትኛው ነው ጥርሱ ያልወለቀው? እሱን አንደኛ በሉት» ብላ ፈረደች።

ጠብ እንዲበርድ ብለን አንድ ደንብ አወጣን፦ እያንዳንዳችን አንድ ሰው ያለ ክርክር የማስገባት መብት አለን። ሺፈራው በመብቱ በየዓመቱ አንድ ጎረምሳ ያስገባና በየዓመቱ ይጸጸታል። ደረጀ ግን አንድ ሰው ብቻ ነበር የሚያስገባው፣ ሁልጊዜም አሥረኛ ላይ። ስሙን እንኳ አይጠራውም፤ «የባልድዊን ሂልሱን ልጅ ጻፍልኝ» ይለኛል። ማርከስ ትምህርት ቤት ትግል ጀምሮ ነበር፣ ከዚያ በትናንሽ አዳራሾች፣ ከዚያ በቁማር ቤቶች ድንኳን ውስጥ ለገንዘብ መጋጠም ጀመረ። ክብደቱ ሰማንያ አራት ኪሎ። የሚጠራበት የእናቱን ቤተሰብ ስም ነውና ማንም ከሐበሻ አያገናኘውም። «አምስት አሸንፎ አራት የተሸነፈ ልጅ ከአሜሪካ አሥረኛ?» ይላል ሺፈራው። «ደሬ፣ አር ዩ ሲሪየስ?» ደረጀ እንጀራውን እየጠቀለለ «መብቴ ነው» ይላል። እኔ አጻፌን አሳምሬ እጽፋለሁ። አባት ለልጁ የሚያደርገው ብዙ ነገር አለ፤ ድግስ ይደግሳል፣ ይመርቃል፣ ሰው ፊት አቁሞ «ይህ ልጄ ነው» ይላል። ደረጀ የነበረው የገበታ ወረቀት ጀርባ ብቻ ነው፣ እሱም በአሥረኛው ረድፍ።

አንድ ቅዳሜ ደረጀ ሙሉ ልብስ ለብሶ መጣ። ግራጫ፣ ለትልቋ ልጁ ምረቃ የገዛው፣ ከነክራባቱ። «ከክርስትና ነው የመጣሁት» አለ ለሺፈራው። እኔ ግን ገባኝ። አንድ ተጋጣሚ ተጎድቶ ማርከስ በሦስት ቀን ማስጠንቀቂያ ተተክቷል፤ ከሰዓት በኋላ፣ ከዋናዎቹ ግጥሚያዎች በፊት፣ በቴሌቪዥን ሊታይ ነው። ደረጀ ምንም አላዘዘም። ውሃ ብቻ። ልጁ ሲገባ ጉልበቱን በሁለት እጁ ያዘ። የመጀመሪያው ዙር ጥሩ ነበር፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ በእውነት ጥሩ ነበር፤ ያንን ሰውዬ ሁለት ጊዜ መሬት አስቀመጠው። ሺፈራው ሳይቀር «ዌይት ኤ ሚኒት» ብሎ ወንበሩን አስጠጋ። በሁለተኛው ዙር ግን ሰውዬው ከጀርባው ተጠመጠመና አንገቱን አነቀው። ማርከስ ትንሽ ተፍጨረጨረ። ከዚያ የሰውየውን ክንድ ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገ። እጅ መስጠት ማለት ነው።

ሺፈራው ሳቁን ለቀቀው። «ይሄ ነው አሥረኛው? ኖ ዌይ! ሟች አያቴ እንኳ ከዚህ ይበልጥ ትቆይ ነበር!»

ቤቱ ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ምስጢሩን ለመሸፈን ነው የሳቅሁት ብዬ ለራሴ ብዙ ዓመት ስነግረው ኖሬያለሁ። ውሸት ነው፤ ቀልዱ አስቆኝ ነው።

«ጋሽ ዘለቀ፣ ሰርዙትና ሊስቱ ይከበር» አለ ሺፈራው። እስክሪብቶው ኪሴ ውስጥ ነበር። ደረጀን አየሁት። እሱ ገና ቴሌቪዥኑን ነው የሚያየው፤ ማርከስ አፉን በፎጣ ይዞ ከአጥሩ እየወጣ ነበር።

«ሰርዘው» አለኝ ደረጀ፣ ዓይኑን ሳያነሳ። «ደንብ ደንብ ነው።»

ተነሥቼ ሰረዝኩት። ደግሞ በአንድ መስመር አይደለም፣ ሁለቴ ደጋግሜ። ደረጀ የኮቱን ቁልፍ ቆልፎ፣ እትዬ አስካለን ተሰናብቶ ወጣ፤ በመስኮቱ ሳየው መኪናው ውስጥ ስልክ ጆሮው ላይ አድርጎ ተቀምጧል፣ ማንም ግን የሚያነሳለት አይመስልም። በመስከረም አዲሱን ዝርዝር ስጽፍ «አሥረኛው ጋ ማንን ላስገባልህ?» አልኩት። «ባዶውን ተወው» አለኝ። ባዶውን ተውኩት። ከዚያ በኋላ ባለው ዓመትም፣ በሚቀጥለውም፤ ሺፈራው እንኳ መጠየቁን ተወ። እትዬ አስካለ ቤቱን ሸጣ ጉልበቷን ልትታከም ልጇ ጋ ስትሄድ አዲሶቹ ባለቤቶች ግድግዳውን ቀለም ቀቡት። ሺፈራውም ላስ ቬጋስ ገባ። እዚያ ታክሲ እየነዳ ግጥሚያው በሚካሄድበት አዳራሽ በር ያልፋል፣ ግን ደውሎ ስለሱ አያወራኝም።

ደረጀ ብዙ አልታመመም። ሆስፒታል ስጠይቀው ፀሐይ ልጆቿን ልታመጣ ወጥታ ነበር፣ ሁለታችን ብቻ ነበርን። እጄን ያዘኝ። ስለ ወረቀት ወይ ስለ ቤት የሚያወራ መስሎኝ ጆሮዬን አስጠጋሁ። «ማርከስ ልቅሶው ላይ ከሰው እኩል ይቀመጥ» አለኝ። «እኔ ሳልችል ቀረሁ። አንተ የክርስትና አባቱ ነህ። አደራ።» «ምን ነካህ፣ ትድናለህ» አልኩት፤ ለታመመ ሰው የሚባለውን። ቀጥዬም «እሺ» አልኩት። እሺ ብዬዋለሁ፣ ይህን ማንም አይወስድብኝም፣ ማንም እንዲወስድልኝ ግን እመኝ ነበር።

ልቅሶው የተደረገው ፒኮ ከሚባለው ጎዳና በታች፣ ጠባብ መንገድ ላይ ባለው ቤታቸው ነው። መኪና ማቆሚያ ያስጨንቃል፤ ነዋሪ ያልሆነ እዚያ ፓርክ ካደረገ ይቀጣል፣ ለቀስተኛው ደግሞ ከየአቅጣጫው ይጎርፋል። እኔ ከቀብር ተመልሼ ስደርስ አንድ ጥቁር ሱፍ፣ ነጭ ሸሚዝ፣ ጥቁር ክራባት ያደረገ ወጣት እግረኛ መንገዱ ላይ ቆሞ አየሁ። አንዲት ነጠላዋን ያዘቀዘቀች ሴት መኪናዋን ከፊቱ አቁማ ወረደችና ቁልፏን በእጁ አስቀመጠችለት። «ሰፈር ውስጥ አታቁመው፣ ታች አድርገው፣ ኦኬ?» አለችው። እሱ ቁልፉን አየ፣ ሴትዮዋን አየ፣ ገብቶ መኪናውን ወሰደው። ከኋላዋ ሌላው መጣ፣ እሱም ቁልፍ ሰጠ። ሰው አጥፍቷል አልልም። እኛ የፓርኪንግ ሰዎች ነን፤ ግማሻችን እንደዚያ ለብሰን ነው ልጅ ያሳደግነው። ጥቁር ሱፍ ለብሶ መንገድ ዳር የቆመ ወጣት ስናይ ለቀስተኛ ነው ብለን አናስብም። ዕድሩ መኪና የሚያቆም ቫሌ ቀጠረ ብለን አመሰገንን።

ማርከስ መሆኑን ያወቅሁት የመኪናዬን በር ሲከፍትልኝ ነው።

«ጋሽ ዘለቀ» አለኝ። ዓይኑ ቀልቷል። «ምን ማድረግ እንዳለብኝ አላውቅም። እገባለሁ?»

በሩ ክፍት ነበር። ከውስጥ የሴቶቹ ልቅሶ ይሰማል። ፀሐይ እዚያ ናት፣ ሁለቱ ልጆች እዚያ ናቸው፣ የሰፈሩ አፍ ሁሉ እዚያ አለ። እጁን ይዤው ገብቼ ምን ልበል? ይህ ማን ነው ሲሉኝ? ሬሳው ገና ዛሬ ተቀብሮ ሚስቱን በሰው ፊት ላዋርዳት? እንደዚህ ነበር ያሰብኩት። ደግሞ እውነቱን ለመናገር፣ ሠላሳ ዓመት የደበቅኸው ለምንድን ነው የሚሉኝ ሰዎች ፊት ታየኝ።

«ለጊዜው እዚሁ ሁን» አልኩት።

ቁልፌንም ሰጠሁት።

ሦስት ቀን መጣ። ለጊዜው ብዬው አይደል፣ እስክጠራው ጠበቀ። ጠዋት ይመጣል፣ እስኪመሽ መኪና ያቆማል፣ ሲሄዱም ያመጣላቸዋል። በሁለተኛው ቀን የፀሐይ ወንድም «ጎበዝ ልጅ ነው፣ ሥነ ሥርዓት ያለው» ብሎ አምስት ዶላር ሲሰጠው አየሁ። ማርከስ አንገቱን ሰበር አድርጎ በሁለት እጁ ተቀበለ። እንደዚያ መቀበልን ያስተማረው ደረጀ ነው። ውስጥ ሰው ሁሉ ለሁለቱ ሴቶች ልጆች «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ይላል፤ እሱን ያጽናህ ያለው አንድ ሰው አልነበረም። እኔም አላልኩትም። በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ሲነሣ የመጨረሻውን መኪና አምጥቶ ሰጠና በእግሩ ወደ ፒኮ ሄደ። ከዚያ በኋላ ስልክ አልደወልኩለትም። ምን ብዬ? አደራ በላ ሰው ሲደውል ምን ይላል?

እንግዲህ ባለፈው ሰኞ ፀሐይ ጋ ሄድኩ። ቤቱ ያው ነው፤ የደረጀ ፎቶ ከቴሌቪዥኑ በላይ ተሰቅሏል፣ በዚያው ግራጫ ሱፍ። ሻይ አቀረበችልኝ። ስለ ሙት ዓመቱ አወራን፤ ስለ ቄሶቹ፣ ስለ ዳቦው፣ ስንት ሰው እንደሚጠራ። እኔ ሻዬን አማስላለሁ፣ ስኳር ካቆምኩ ስንት ጊዜዬ።

«ፀሐይ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ ነበር የመጣሁት» አልኳት በመጨረሻ። «እንዴት እንደምጀምረው ግን…»

«ስለ ልጁ ነው?» አለችኝ።

ማንኪያውን አስቀመጥኩት።

«ከመጣሁ በሁለተኛው ዓመት ነው ያወቅሁት» አለች፤ ድምፅዋ የዕለት ወሬ የምታወራ ነው የሚመስለው። «ማክሰኞ ማክሰኞ ሸሚዙ የሕጻን ሳሙና ይሸታል። እኛ ቤት ገና ሕጻን አልነበረም። በኋላም አንድ ቀን ተከትዬ ሄጄ በሩቁ አየኋቸው፣ ኳስ ሲጫወቱ። እሱ ራሱ እስኪነግረኝ ጠበቅሁ። እሱ ፈራ፣ እኔ ኮራሁ። እንዲሁ አረጀን፣ ጋሽ ዘለቀ።»

«ልቅሶው ላይ መጥቶ ነበር» አልኳት። «እኔ ነኝ እንዳይገባ… አንቺን እንዳላዋርድ ብዬ…»

«አይቼዋለሁ። በመስኮቱ። አረማመዱ የአባቱ ነው፤ የመኪና በር እንኳ ሲዘጋ እንደሱ በመዳፉ ገፋ አድርጎ ነው። ልጆቼም አይተውታል። ወንድሜ ገንዘብ ሲሰጠው ያየሁ ጊዜ ለባሌ ያላለቀስኩትን አለቀስኩ፣ ሰው ሁሉ ለደረጀ ነው ብሎ አባበለኝ።» ሻይ ጨመረችልኝ። «ሐዘን ላይ የተቀመጠች ሴት ነኝ፤ ተነሥቼ መንገድ ወጥቼ ሰው አልጠራ። የሚያመጣው ሌላ ሰው ነው።»

ልጁ ከኋላ መቆም ይችላል ወይ ብሎ እንደጠየቀኝ ነገርኳት።

«ከኋላ የሚባል ነገር የለም» አለች። «ከእህቶቹ ጋር ይቆማል። ይንገሩት፣ ዛሬውኑ።»

እሺ አልኳት። ልነሣ ስል ክንዴን ያዘችኝ፤ አልተቆጣችም፣ ብትቆጣ በተሻለኝ።

«ሦስት ቀን ሙሉ በሩን ሳይ ነበር፣ ጋሽ ዘለቀ» አለችኝ። «እርስዎ በገቡ ቁጥር ከኋላዎ አስከትለውት እንደሆነ ብዬ አንገቴን አሰግግ ነበር። እርስዎ ግን ብቻዎን ይገቡና በሩን ይዘጉት ነበር።»